ይማርህ ያለ አፍ

ባሌን ፋንታሁንን ያገኘሁት ይማርህ ስለው ነው። ቀልድ አይምሰላችሁ። ከትክል ድንጋይ ከተማ በላይ ያለችው ደብራችን ቅጥሯ ሙሉ ጥድ ነው። ጥምቀት አልፎ ሰርግ በሚበዛበት ወራት፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳለሁ ከወንዶች በኩል አንድ ጎረምሳ ያነጥሳል። አንዴ አንጥሶ ቢያርፍ ደግ ነበር፤ እሱ ግን ይደጋግመዋል። ሰው መጀመሪያ "ይማርህ" አለው፤ ሲደግም ድምፁን ቀንሶ "ይማርህ" አለው፤ ከዚያ በኋላ ሰለቸውና ዝም አለ። እኔ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ሰው አንጥሶ ይማርህ የሚለው ሲያጣ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተንጠልጥሎ ይቀርብኛል። ስለዚህ ከሴቶች በኩል ሆኜ ባነጠሰ ቁጥር ይማርህ አልሁ፤ እሱም ባልሁት ቁጥር "ያኑርሽ" አለ። ቅዳሴው ሲያልቅ እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ፣ "ምነው ይመኙሽ፣ ከዚህ በላይ ምን ልትጫወቱ ኖሯል?" አለችኝ።

በዓመቱ ሽማግሌ ላከ። እናቴም ቆንጥጣኝ እንደማታውቅ፣ "ሸጋ ልጅ ነው፤ ያነጥሳል እንጂ ነውር የለበትም" ብላ ሰጠችኝ።

ነገሩ ጉንፋን እንዳልሆነ የገባኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ጉንፋን ይመጣል፣ ይሄዳል። የፋንታሁን ግን እንደ በዓል ወቅቱን ጠብቆ የሚመጣ ነው። ጥምቀት አለፍ ሲል ዓይኑ በርበሬ የገባበት ይመስላል፤ አፍንጫው ይንጠባጠባል፤ ላንቃውን እያሳከከው በምላሱ ቋ ቋ ያደርጋል። ሁዳዴ ሲጋመስ ደግሞ ማንም ሳያዘው ይተወዋል።

እስኪተወው ድረስ ያልሞከርነው የለም። ጎረቤታችን እትዬ ወለተሩፋኤል መድኃኒት አዋቂ ነኝ ባይ ናት። ዳማከሴ ጨምቃ በአፍንጫው አንጠባጠበችለት፤ ጤና አዳም አሸተተችው፤ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆዱ አስዋጠችው። የደብራችን ቄስ መምሬ ሐብተ ማርያም ደግሞ፣ "ይኸ የሥጋ ሕመም አይደለም፤ ጸበል ይግባ" አሉ። ጸበላችን የሚፈልቀው ከደብሩ ሥር፣ ከጥዶቹ ሁሉ ትልልቆቹ መሐል ነው። ፋንታሁን እዚያ በደረሰ ቁጥር ቤት ከሚያነጥሰው እጥፍ ያነጥሳል። መምሬ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል። መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አስደግፈው፣ "ጋኔኑ መጮኹ ነው። ሊለቅህ ነው ልጄ፤ በርታ!" ይሉታል። እሱም ይበረታል። በበረታ መጠን ይብስበታል፤ በባሰበት መጠን መምሬ ደስ ይላቸዋል።

ሁዳዴ ሲጋመስና ሲለቀው ምስጋናውን የሚሻማው ሰው ብዛቱ! እትዬ ወለተሩፋኤል ዳማከሴዬ ነው ትላለች፤ መምሬ ጸበሉ ነው ይላሉ፤ አማቴ ስለቴ ነው ትላለች። በዓመቱ ተመልሶ ሲመጣ ግን የኔ ነው የሚል አንድም የለም።

አንድ የካቲት ላይ ቅቤ ልንሸጥ ጎንደር ገባን። ጣልያን ከተማዋን ከያዘ ቆይቷል። መንገዱ ይቆፈራል፣ ድንጋዩ ይፈለጣል፣ ማኪናው ጭሱን እየተፋ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። በዚያ ሁሉ ጭስና አቧራ መሐል ፋንታሁን አንዴ እንኳ ሳያነጥስ ዋለ። ተመልሰን ለእትዬ ወለተሩፋኤል ብነግራት አገጯን ይዛ ትንሽ አሰበችና፣ "በይ እንግዲህ ታወቀ። ጋኔኑ ማኪና ይፈራል" አለች። አንድ ማኪና ከደጃችን ማሰር ብቻ ነበር የቀረን።

ማናችንም ቀና ብለን ዛፎቹን አላየንም። ጥዶቹ በዚያ ወራት ቢጫ ዱቄት ይበትናሉ፤ ነፋስ ሲነካቸው ከቅጥሩ ጭስ የሚነሣ ይመስላል። ዱቄቱን የሚበትኑት ያቺን ሰማያዊ ፍሬ የማያፈሩት ናቸው። ወንድ እንደሚያደርገው፣ ፍሬውን ለሌላ ትተው አቧራ ማስነሣት ነው ሥራቸው። ያንን ዱቄት በየዓመቱ ከነጠላዬ ላይ አራግፌዋለሁ፤ ከባሌ አፍንጫ ጋር ግን አንድ ቀን እንኳ አላገናኘሁትም። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ሰው ያሳምማል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ጋኔን መጠርጠር ይቀላል።

ልጅ ባረገዝሁበት ዓመት ፋንታሁን ጠመንጃውን አንሥቶ ከአርበኞቹ ጋር ወደ ሳንጃ ቆላ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ስሙ ከጣልያኖቹ ጆሮ ደረሰ። ቢያዝ የሚጠብቀው ገመድ እንደሆነ እኔም፣ መንደሩም፣ እሱም እናውቃለን። ወለድሁ፤ ሴት ልጅ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከቆላ አንድ መንገደኛ መልእክት አመጣልኝ፦ "ደህና ነኝ። ዘንድሮ አፍንጫዬም ትቶኛል።" እኔ እልል አልሁ። መምሬ ሲሰሙ ግን ቅር አላቸው። ያለ ጸበል መዳኑ አልጣማቸውም።

ልጅቱ ክርስትና የምትነሣበት ቀን ከዚያው ወራት ላይ ዋለ። ፋንታሁን ያለ እኔ አትጠመቅም ብሎ ከቆላ ወጣ፤ ጎህ ሲቀድ ከደጄ ቆመ። "ምነው፣ አንተ ሰው? ምን ሊያደርጉህ መጣህ?" ብዬ ልቆጣ አፌን ስከፍት ልጅቱን ከእቅፌ ወሰዳት። ጢሙ አቧራ ብቻ ነው። እሷ ጢሙን በትንሽ እጇ ጨበጠችው። ቁጣዬን ዋጥሁት፤ በሕይወቴ እንደዚያን ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከቅጥሩ በገባን ገና በሩን ሳናልፍ አነጠሰ። "ይማርህ" አልነው። መምሬ በዓይናቸው ጠቀሱኝ፤ አየሽ፣ ጸበል ነው የሚያስፈልገው ማለታቸው ነው። ልጅቱ ተጠመቀች፤ የክርስትና ስሟ ለተ ማርያም ተባለ። ስሟ ከመምሬ አፍ ሳይርቅ አንድ ሰው ከበሩ እየሮጠ መጥቶ፣ "ሶላቶ መጣ! ባንዳውም ሽቅብ እየወጣ ነው!" አለን።

መውጫ አልነበረም። ከቅጥሩ መሐል የድንጋይ እቃ ቤት አለች፤ ከበሮው፣ ጃንጥላው፣ ልብሰ ተክህኖው የሚቀመጥባት ጠባብ ቤት። መዝጊያ የሌላት ትንሽ መስኮት አላት። በላይዋ ላይ ከጥዶቹ ሁሉ ትልቁ፣ ያ ፍሬ የማያፈራው፣ ተደፍቶባታል። ፋንታሁንን እዚያ ከተትነው። መምሬ ከውጭ ቆለፉና ቁልፉን ባንገታቸው አስረው ከቀሚሳቸው ሥር ሰደዱት።

ካፒቴኑ በበቅሎ ገባ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የአፍንጫው ጫፍ የቀላ ሰው ነው። ከጎኑ አስተርጓሚው አለ፤ አምባቸው የሚሉት የጎንደር ከተማ ሰው፣ ቦርሳ በትከሻው ያንጠለጠለ። ባንዶቹ በሩን ያዙና ወንዱንም ሴቱንም ባንድ ላይ ሰብስበው አቆሙን። ካፒቴኑ ሊናገር አፉን ከፈተ። አነጠሰ።

ማንም ምንም አላለም።

አልተማከርንም፤ ማንም ዝም በሉ አላለንም። ግን አገራችንን የነጠቀንን ሰው እግዜር ይማርህ ሊል የወደደ አንድም አፍ አልነበረም። ደገመ። ዝም አልን። ሠለሰ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ዝም አልን። እትዬ ወለተሩፋኤል ነጠላዋን ነከሰች። ያ የማውቀው ነገር መጥቶ ደረቴ ላይ ተንጠለጠለ፤ ጥርሴን ነክሼ ያዝሁት። አምባቸው መሬት መሬት ያያል። እሱም እንደ እኛው ያደገ ነውና ዝምታው እንደከበደው ያስታውቃል።

ካፒቴኑ ባገኘው ፋታ ተናገረ፤ አምባቸውም ተረጎመ፦ "ፋንታሁን የሚባለው ሽፍታ እዚህ ገብቷል ይላል። አውጡት ይላል።"

"እኛ ሕፃን ስናጠምቅ ነው የቆየን" አሉ መምሬ። "አዲስ የገባ ሰው ቢኖር ይቺ ሕፃን ናት።"

ባንዶቹ ቅጥሩን በረበሩት፤ ከዛፎቹ ላይም ከሥራቸውም ፈለጉ። በመጨረሻ ካፒቴኑ በጣቱ እቃ ቤቷን አመለከተ። መምሬ ቁልፍ መፈለግ ጀመሩ። ከጋቢያቸው ፈለጉ፤ ከጥምጥማቸው ፈለጉ፤ ጫማቸውን አውልቀው አራገፉ፤ ቁልፉን ለማን እንደሰጡ ዲያቆኑን ጠየቁት። ክሩ ባንገታቸው በኩል ብቅ ብሎ ይታየኛል። ልጄን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ክሩን እንዳያዩባቸው እጸልያለሁ።

ያን ጊዜ ነፋስ መጣ። ትልቁ ጥድ ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠና ዱቄቱን ለቀቀው። ቢጫ ጭስ በእቃ ቤቷ ክዳን ላይ፣ በመስኮቷም፣ በእኛም ላይ ወረደ። ካፒቴኑ መሐረቡን ፊቱ ላይ ለጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ያንኑ ማነጠሱን ተያያዘው። እሱ ገና ትንፋሽ ሳይሰበስብ ከእቃ ቤቷ ውስጥ ሌላ ሰው አነጠሰ።

ያንን አነጣጠስ እንደ ልጄ ለቅሶ አውቀዋለሁ። የማያውቀው ሰውም ከመንደሩ አልነበረም።

"ይማርህ!" አልን።

መምሬ አሉ። እትዬ ወለተሩፋኤል ነጠላዋን ከጥርሷ ለቃ አለች። በሩን የያዙት ባንዶች አሉ። አምባቸው አለ። ከሁሉም በላይ የተሰማው ደግሞ የእኔ ድምፅ ነበር። ስንት ጊዜ ጥርሳችንን ነክሰን የያዝነውን ቃል፣ አንድ ላይ፣ እንደ ቅዳሴ ተሰጥኦ መለስነው። ከዚያ ከውስጥ፣ አፍንጫው በተደፈነ ድምፅ፣ በትሕትና፦

"ያኑራችሁ።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ። አለቀ፣ በገዛ አፋችን ሰጠነው አልሁ በሆዴ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል ነበር የምሰማው፤ የእኛን ጥድ አወጣው።

ካፒቴኑ ፊቱን ከመሐረቡ አነሣ። ዓይኑ እንባ፣ ጆሮውም የተደፈነ ይመስላል። ወዲያና ወዲህ አየንና አምባቸውን አንድ ነገር ጠየቀው። ምን አሉ ማለቱ መሆኑ ቋንቋውን ለማያውቅም ይገባል።

አምባቸው እቃ ቤቷን አየ። መምሬን አየ። እኔንና ልጄን አየ። ከዚያ በጣልያንኛ ረዘም አድርጎ ተናገረ። እየተናገረ ሳለ የካፒቴኑ ፊት ቀስ በቀስ ፈታ ሲል አየሁት። ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ራሱን ዝቅ አደረገልን።

አምባቸው ወደ እኛ ዞረ። "ይማርህ ስላላችሁት ካፒቴኑ ደስ ብሎታል። ይኸን ያህል ጊዜ ዝም ስትሉት የከፋ ሕዝብ መስላችሁት እንደነበር ይናገራል።" ቀጥሎ ወደ ባንዶቹ ዓይኑን አፈጠጠ። "ያኑራችሁ ያልሁትም እኔ ነኝ። ስለ እሱ ሆኜ ነው የመለስሁት። ሌላ የሰማ አለ?"

ባንዶቹ የእግራቸውን ጣት ያዩ ጀመር። እነሱም ይማርህ ብለዋልና ምን ይበሉ?

ካፒቴኑ ወደ ትልቁ ጥድ ጣቱን ቀስሮ ተናገረ፤ አምባቸውም ተረጎመ፦ "ጠላቴ ይኸ ዛፍ ነው ይላል። በአገሩ የዚህ ዘመድ የሆነ ዛፍ አለ፤ በየመቃብሩ ይተክሉታል። ብርዱ ወጥቶ ጸደይ ሲገባ የአበባውን ብናኝ ይበትናል። ብናኙ የማይስማማው ሰው አለ፤ ያነጥሰዋል፣ ዓይኑን ያስለቅሰዋል፣ ላንቃውን ያሳክከዋል። ዛፉ ሲጨርስ ሰውየውም ይድናል። እዚህ ደግሞ ይከተለኛል ብዬ አላሰብሁም ይላል። ከእናንተስ መሐል እንደሱ የሚያደርገው ሰው አለ ወይ? ይላል።"

መንደሩ በሙሉ ወደ እቃ ቤቷ ዞረ፤ ወዲያው ደግሞ መሬት መሬት አየ። መምሬ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። እኔም በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኜ አንድ በአንድ ታየኝ፦ የጎንደር ማኪና፣ የሳንጃ ቆላ፣ ከጥዶቹ መሐል የሚፈልቀው ጸበል። ስንት ዓመት ሙሉ ባሌን መድኃኒት ነው ብዬ ወስጄ ከበሽታው ስነክረው ኖሬያለሁ። ሊያስቀኝ መጣ፤ እንባዬም አብሮ መጣ።

"የለም፣ ጌታዬ" አልሁ። "እኛንስ ለምዶናል።"

ካፒቴኑ ራሱን ነቅንቆ እንደገና እቃ ቤቷን አመለከተ። አምባቸው እየተናገረ ክንዱን ይዞ ከዛፉ ሥር ወደ በሩ ገለል አደረገው፤ እዚህ አትቁም፣ እኔ አየዋለሁ ያለው ይመስላል። ተመልሶ መጣና እጁን ወደ መምሬ አንገት ሰዶ ቁልፉን በክሩ ጎትቶ አወጣው። "ይኸውልዎ አባ፤ ጠፍቶብዎት ነበር" አላቸው። ከፍቶ ገባ።

ያኔ የጸለይሁትን ጸሎት ዛሬ ድገሚ ብባል አልችልም። ልጄ ዝም ብላ ታየኛለች። አምባቸው እጀጌውን እያራገፈ ወጣ፤ በሩን መልሶ ቆለፈና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ከበሮና ጃንጥላ ነው። አይጥም አለ" አለ። ያንኑ ለካፒቴኑ በጣልያንኛ ነገረው። ካፒቴኑም አልተከራከረም፤ ከዚያ ጥድ ለመራቅ የቸኮለ ሰው ነበር። በቅሎው ላይ ወጣ።

ከቅጥሩ በር ሲደርስ አነጠሰ።

ሁሉም ዝም አለ። አሁንም ያ ነገር ደረቴ ላይ መጣ። ይኸ ሰው ባሌን ሊሰቅል የመጣ ነው። ግን ባሌን የሸፈነውም የእሱ ማነጠስ ነው። ደግሞስ ምሕረቱ የእግዜር እንጂ የእኔ ነው? የገዛ ገንዘቤን እንደምበትን ሆኜ ምን አስጨነቀኝ? እልሄን ዋጥሁትና፣

"ይማርህ" አልሁ፤ ቀስ ብዬ።

ካፒቴኑ አልሰማኝም። አምባቸው ግን ከኋላው እየሄደ፣ ሳይዞር፣ "ያኑርሽ" አለ።

ቁልቁለቱን እስኪጨርሱ ጠብቀን ፋንታሁንን አወጣነው። ጢሙ፣ ቅንድቡ፣ ጋቢው ሁሉ ቢጫ ሆኗል፤ ከጎተራ የወጣ ይመስላል። ትከሻውን በቡጢ መታሁት። "ማነጠሱስ ይሁን፤ ዛፉ ነው። ያኑራችሁ ማለት ምን አመጣው?"

"ታዲያ ይማርህ ተብዬ ዝም ልበል?" አለኝ። "ባለጌ ነኝ?"

ሰው ሁሉ ሳቁን ለቀቀው። መምሬ ሳይቀሩ ከእቃ ቤቷ ደፍ ላይ ተቀምጠው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ፋንታሁን ውስጥ የሆነውን ነገረን። በሩ ሲከፈት ከከበሮው ኋላ ሆኖ ጩቤውን ጨብጦ ነበር። አምባቸው ፊት ለፊት ቆሞ ትንሽ አየው። ከዚያ በሹክሹክታ፣ "ይማርህ ብዬሃለሁ እኮ" አለው። "ይማርህ ባልሁበት አፍ፣ እዚህ አለ፣ ስቀሉት ልበል?" ከቦርሳው መሐረብ አውጥቶ በጩቤው ፋንታ አስጨበጠውና፣ "እንካ፤ አፍንጫህን ያዝበት" ብሎት ወጣ።

ፋንታሁን በዚያው ቀን ወደ ቆላው ተመለሰ፤ ጣልያን ከአገር እስኪወጣ ድረስም ሳይያዝ ኖረ። ጥዶቹን እንቁረጥ ያለ ሰው የለም። ያሳመሙትም፣ ያዳኑትም እነሱ ናቸው፤ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። መምሬም ጥቂት ጊዜ ከራሳቸው ጋር ከተሟገቱ በኋላ፣ "ጸበሉ ጸበል ነው፤ ዛፉም ዛፍ ነው" ብለው ፈረዱና በዚያ ወራት ጸበሉን በእንስራ እያስቀዱ ቤታችን ድረስ ይልኩልን ጀመር። እትዬ ወለተሩፋኤል ብቻ ስለ ማኪናው ያለችውን እስከ ዛሬ አልተወችም።

አሁን ጥዶቹ ሊበትኑ ሲሉ ባሌን ኮላ ድባ ከአክስቱ ዘንድ እሰደዋለሁ፤ ሜዳ ነው፣ እህል እንጂ ጥድ የለበትም። ለተ ማርያም ክርስትና በተነሣችበት ቀን ግን እምቢ ብሎ ይመጣል። ከቅጥሩ ሲገባ ያነጥሳል፤ ይደጋግመዋል። ሰው እንደ ድሮው አይሰለችም፤ ባነጠሰ ቁጥር ሁሉም ይማርህ ይላል፤ እሱም ሳይታክት ይመልሳል። የአምባቸውን ወሬ ዳግመኛ አልሰማሁም፤ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። መሐረቡ ግን አለ፤ ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል፤ ፋንታሁን አፍንጫውን የሚያብሰው በሱ ነው። "ያኑራችሁ" ብሎ ሲጨርስ እኔ በሆዴ፣ እሱንም ያኑረው እላለሁ።